በቁሙ የተለቀሰለት ልጅ

ኡምሀኒ በሕይወት ላለ ልጇ ለቅሶ የተቀመጠችው በ1982 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ልጇ ሙሀመድዘይን ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ነበር። እሷ ቃሊቲ ኬላ አጠገብ ባለችው ሻይ ቤቷ ደጃፍ፣ በእድሩ ድንኳን ውስጥ ደረቷን ስትደቃ፣ እሱ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ባለችው የከሰል ጓዳ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ምን ዓይነት እናት ብትሆን ነው ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ወይ የዚያን ዘመን ቀበሌ አያውቅም፣ ወይ ልጅ አልወለደም።

ኡምሀኒ የወሎ ሰው ናት። ወረባቦ ተወልዳ፣ ለከባድ መኪና ሹፌር ተድራ ነው ወደዚህ የመጣችው። ባሏ በጉበት በሽታ ሲሞትባት ታናሽ ወንድሟ ደርዊሽ የሟቹን መኪና ያዘ፤ እሷ ደግሞ ኬላው ላይ ለፍተሻ ለሚቆሙ ሹፌሮችና ረዳቶች ሻይና ሳምቡሳ መሸጥ ጀመረች። ረጅም፣ ቀይ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። በር የማያስገባው ግዙፍ ሹፌር እንኳ ብርጭቆ ከሰበረባት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚወጣው። ሳቋ ከመንገድ ማዶ ይሰማል ይባል ነበር፤ ከ1980 ወዲህ ግን ሰማሁ የሚል ሰው የለም።

ወተት የምታመጣላት ዳሲቱ ነበረች። ዳሲቱ የአገሩ ሰው ናት፤ ፋብሪካዎቹ ሳይተከሉ በፊት ቤተሰቧ እዚያው ያርስ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ከሦስት ላሞችና ከአንድ ልጅ ጋር ቀረች። ላሞቿን ወደ ቱሉ ዲምቱ ሜዳ ታሰማራለች፣ ጧት ጧት አልባ ወተቱን በጠርሙስ ለደንበኞቿ ታደርሳለች። ኡምሀኒ አሥር ቃል ስትናገር እሷ አንድ ትመልሳለች። አንዷ ብቻዋን ማውራት የምትወድ፣ ሌላዋ ብቻዋን ማዳመጥ የምትወድ ስለነበሩ ሃያ ዓመት ሳይጣሉ ኖሩ።

ያስተሳሰራቸው ግን ንግድ አልነበረም። ኡምሀኒ ሙሀመድዘይንን ወልዳ አራስ ቤት ሳለች ተስቦ ያዛትና ጡቷ ደረቀ። ዳሲቱ ልጇን ቀጀላን ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ማንም ሳይለምናት መጥታ ሕፃኑን አነሳችው። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አድርጋ አርባ ቀን አጠባች። በኡምሀኒ ሃይማኖት አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድማማች ናቸው። ስለዚህ ሙሀመድዘይን ሁለት እናት ነበረው፤ ሲያጠፋም ሁለት ቦታ ይገረፍ ነበር።

ጦርነቱ በሬዲዮ የሚሰማ የሩቅ ነገር ሆኖ ብዙ ዓመት ቆየ። በ1980 ግንቦት ላይ ግን «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው መፈክር የቀበሌው ግድግዳ ላይ ተጻፈ፤ ቀበሌውም አምስት ወጣት እንዲያዋጣ ታዘዘ። የምልመላ ኮሚቴው ባወጣው ዝርዝር ውስጥ አራተኛው ስም ሙሀመድዘይን ነበር። ዝርዝሩ ሳይለጠፍ ወሬው ኡምሀኒ ጆሮ ደረሰ፤ ኬላ ላይ ሻይ የሚሸጥ ሰው የማይሰማው ነገር የለም። በማግስቱ ልጇን በደርዊሽ መኪና ላይ አሳፍራ «አያቱ ታማ ልየው ብላ ነው» በሚል ሰበብ ወረባቦ ሰደደችው። ኮሚቴው ቁጥር ጎደለበትና ስድስተኛ ላይ የነበረውን ስም ወደ ላይ አወጣው። ስድስተኛው ቀጀላ ነበር።

ምልምሎቹን የጫነው አውቶቡስ ኬላው ላይ ሲቆም፣ ኡምሀኒ ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ በመስኮት አቀበለችው። ቀጀላ እየሳቀ ተቀበላት። «እማ ኡምሀኒ፣ ወንድሜ ዘይኑ ሲመጣ ሰላም በይልኝ» አላት። ዳሲቱም ያን ቀን ከአውቶቡሱ ጎን ቆማ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር ትል ነበር ኡምሀኒ።

በ1982 መግቢያ ላይ ጦርነቱ ወሎ ገባ። ደርዊሽ መንገዱ ሳይዘጋ ልጁን በማሽላ ጆንያ መካከል ሸሽጎ መለሰው። ሙሀመድዘይን ጥቅምት ውስጥ በጀርባ በር ገባ፤ ከዚያ ወዲህ የከሰል ጓዳዋ ቤቱ ሆነች። የከሰሉ ብናኝ ሳል አስጀመረው። እናቱ ሕግ አወጣች፤ መሳል የሚፈቀደው የጅቡቲ ባቡር ሲያልፍ ብቻ ነው። ባቡሩ ደግሞ ያን ሰሞን እንደፈለገው ነበር የሚመጣው። አንዳንድ ቀን ልጁ ትራስ ነክሶ ይውላል። ኡምሀኒም ሻይ ስትቀዳ፣ ሂሳብ ስትቀበል፣ ከሹፌር ጋር ስትከራከር፣ ጆሮዋ ከኋላዋ ነበር።

ኅዳር ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፀሐዩ ሻይ ሊጠጣ መጣ። ፀሐዩ ድሮ የፋብሪካ ሸማኔ ነበር። ክፉ ሰው ነበር ማለት ይቀላል። እሱ ግን ከላይ የታዘዘውን ቁጥር ሞልቶ እንቅልፉን ከመተኛት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረውም፤ እንዲህ ያለው ሰው ከክፉም ይብሳል። ስኳሩን ሲያማስል ቆየና፣

«ኡምሀኒ፣ ልጅሽ የት ነው ያልሽኝ?» አላት።

«ወረባቦ ነው፣ አያቱ ዘንድ። ነግሬዎት የለ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ወረባቦ አሁን በማን እጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ኡምሀኒ ብርጭቆ መወልወል ጀመረች።

«በወንበዴ እጅ ነው። እንግዲህ ልጅሽ ወይ ወንበዴ ሆኗል፣ ወይ ለወንበዴ ስንቅ ያቀብላል፣ ወይ ደግሞ እዚያ የለም።» ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። «እስቲ አስቢበት።»

እንዲህ ነው የገዛ ውሸቷ ዞሮ የያዛት። ልጇን ለማዳን የጠራችው አገር አሁን ለመወንጀያ ዋለ። በወሩ የቀበሌ ሱቅ ደብተሯ ተያዘ፤ ስኳር ተከለከለች። ሹፌሮቹ የራሳቸውን ስኳር በወረቀት ቋጥረው እያመጡ ጠጡላት። እነሱ እያሾፉ ነበር የሚያመጡት፤ እሷ ግን አንድ ቀን እነዚያኑ ቁራጭ ወረቀቶች እየሰበሰበች ድንገት ማልቀስ ጀመረች።

«ሞቷል እንበል» አላት ደርዊሽ።

ጭልፋ አነሣችበት።

«ስሚኝ እንጂ! የሞተን ሰው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከወረባቦ የሸሹ ሰዎች ደሴ ላይ ነገሩኝ እላለሁ።»

«በምን ሞተ ልትል ነው?»

«በወባ። በጥይት ካልን የማን ጥይት ነው ይሉናል። ወባ ግን የማንም ወገን አይደለችም።»

ኡምሀኒ ሦስት ቀን እምቢ አለች። በአራተኛው ቀን ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ሻይ ቤቱን ከፊትም ከኋላም ዞረው አይተው ሲሄዱ፣ እሺ አለች።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፣ በሽማግሌ። ደርዊሽ ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ገብረጻድቅ ነገራቸው፤ እሳቸውም እውነት መስሏቸው ሽማግሌ ሰብስበው መጡ። ኡምሀኒ እንዴት እንደምትጮህ ሁሉ አስባበት ነበር። ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ሲደረደሩ ስታይ ግን ያሰበችው ሁሉ ጠፋትና የእውነቷን ጮኸች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ነገር መልኩን ይዞ ደጃፏ ላይ ቆሟል፤ ውሸት መሆኑን ማወቋ አልረዳትም።

ዳሲቱ ጫማ ሳታደርግ ሮጣ መጣች። «ኢልማ ኮ! ልጄን! ጡቴን!» እያለች መሬት ላይ ወደቀች። በማግስቱ ጸጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳ ስትመጣ፣ ኡምሀኒ ከዚህ በላይ መቻል አልቻለችም፤ አቅፋ በጆሮዋ ልትነግራት አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ጓድ ፀሐዩ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ቃሉ ከምላሷ ላይ ተመልሶ ወደ ሆዷ ወረደ።

ሌላም ጭንቅ ነበረባት። የመስጊዱ ሼህ፣ ሬሳው በሌለበት ለሩቅ ሟች የሚሰገደው ሶላት ይሰገድለት አሉ። በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ቢሰግድ፣ አላህም ይሁን ቢልስ? «እዚያው አገሩ ሰግደውበታል ሼሃችን፣ አይድከሙ» አለቻቸው እጃቸውን ይዛ። ሐዘን የጠናባት መስሏቸው ተዉአት።

ሦስተኛው ቀን አልፎ ድንኳኑ ሲነሣ ሙሀመድዘይን፣ «ጋሽ ገብረጻድቅ ‹እንደሱ ያለ ጨዋ ልጅ አልነበረም› ሲሉ ሰማሁ። ድሮ ዱርዬ አልነበር እንዴ የሚሉኝ?» ብሎ ሊስቅ ሲጀምር እናቱ አፉን በመዳፏ አፈነችው። ባቡር አልነበረም።

ከዚያ የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። ስህተቱ የተሠራው ያን ጊዜ ነው።

በሁዳዴ ኬላው ላይ የሚቆሙት ሹፌሮች አብዛኞቹ ይጾማሉ፤ ሻይ ያለ ወተት ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ኡምሀኒ በየዓመቱ ጾሙ ሲያዝ ወተት ታቋርጣለች፤ ዳሲቱም ወተቷን ንጣ ለፋሲካ ቅቤ ታጠራቅማለች። ሁለቱም የሚያውቁት የቆየ ሥርዓት ነው። ዘንድሮ ግን ኡምሀኒ ሐሳቧ ሁሉ በልጇ ሳል ላይ ነበር። ሳሉ ብሶበት ደረቱ ሲያፏጭ አድሯል። የጾሙ መጀመሪያ ሰኞ ጧት ዳሲቱ ባዶ ጠርሙሶቿን ልትወስድ ስትመጣ፣

«አንድ ጠርሙስ ግን በየቀኑ አምጪልኝ» አለቻት።

«ለማን?» አለች ዳሲቱ።

ኡምሀኒ ያን ጊዜ ነው የነቃችው። «ለኔ ነው… ደረቴን ሲያመኝ…»

ዳሲቱ አየቻት። ይህች ሴት ወተት አንድ ጉንጭ ከቀመሰች ሆዷ ተነፍቶ ሁለት ቀን እንደምትተኛ በሰፈሩ የማያውቅ የለም፤ ዳሲቱ ደግሞ ከሁሉም በፊት ታውቃለች። ጠርሙሶቿን ይዛ ወጣች። በማግስቱ ጧት አንድ ጠርሙስ ወተት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ። እንዴት አደርሽ ትላለች፣ ጠርሙሱን ታስቀምጣለች፣ ትሄዳለች። ጥቁሩን ልብስ ግን አላወለቀችም።

ኡምሀኒ ገባት። ዳሲቱ አውቃለች፤ ይህ ጥርጥር የለውም። ቀጀላ በማን ፋንታ እንደሄደም ታውቃለች። የሄደው ልጅ ደብዳቤው ከመጣ ስምንት ወር ሆኖታል፤ የቀረው ልጅ እዚህ ወተት ይጠጣል። አንዲት ቃል ቀበሌ ሄዳ ብትተነፍስ ማን ይፈርድባታል? ኡምሀኒ በአእምሮዋ ራሷን በዳሲቱ ቦታ እያስቀመጠች ትመዝናለች፤ በመዘነች ቁጥርም ፍርሃቷ ይጨምራል።

በመጨረሻ አንድ ጧት መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። «ዳሲቱ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ…»

«አትንገሪኝ።» ዳሲቱ ጠርሙሱን በእጇ እንደያዘች ቆመች። «ያልነገርሽኝን ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ። ካወቅሁ ግን መዋሸቴ ነው፤ ልጄ ጦር ሜዳ እያለ በሐሰት አልምልም። እግዜር ይይዝብኛል።»

«እሺ እህቴ።»

«አንቺ ደጅ ወታደር ይወርዳል፤ ከደብረ ዘይት ሆስፒታል የሚመጣ ሁሉ እዚህ ነው የሚወርደው። ስለ ቀጀላ ጠይቂልኝ። ሌላ ከአንቺ ምንም አልፈልግም።»

መጋቢት አጋማሽ ላይ ጓድ ፀሐዩ አዲስ ትእዛዝ ደረሰው፤ አሁን አሥር ወጣት ነው የተጠየቀው። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ሳል ሰማሁ ያለም ሰው ነበር። ስለዚህ ሊቀመንበሩ የሙሀመድዘይንን ስም ከመዝገብ ለመሰረዝ ዘመድ ያልሆነ ምስክር ያስፈልጋል አለ፤ ምስክሩንም ራሱ መረጠ። «ያጠባችው ሴት ትፈርም። እሷ ከፈረመች አምናለሁ። ካልፈረመች ከፋሲካ በኋላ ቤቱ ይፈተሻል።» በይፋ ሃይማኖት የሌለው ጓድ ፀሐዩ ቀጠሮውን ሁሉ በገናና በፋሲካ ነበር የሚቆጥረው።

ኡምሀኒ ዳሲቱን ቀበሌው በረንዳ ላይ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ አየቻት። ተመልሳ የልጇን ልብስ በፌስታል አሰረች፤ ደርዊሽ የለም፣ መሄጃ የለም፤ ፌስታሉን ታቅፋ በሩን እያየች ዋለች። ማንም አልመጣም።

«ፈርሚ አሉኝ» አለቻት ዳሲቱ በማግስቱ። «ያላየሁትን አልፈርምም አልኳቸው። ከፋሲካ በፊት አስቢበትና ተመለሺ ብለውኛል።» ጠርሙሱን አስቀምጣ ወጣች።

ረመዳን ገባ። ፋሲካ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ከደብረ ዘይት ከመጣ መኪና ላይ ክራንች የያዘ ወታደር ወረደ። ጉተማ እባላለሁ፣ የአቃቂ ልጅ ነኝ አለ። ሻይ አልጠጣም፤ «የቀጀላ እናት ቤት በየት በኩል ነው?» ብሎ ነው የጠየቀው። ኡምሀኒ ድምፁን ስትሰማ ገባት።

ቀጀላ የሞተው የካቲት መጀመሪያ ላይ ምጽዋ ነው። ጉተማ አጠገቡ ነበር። ሲቀብሩት ዓይኑ እያየ ነው፤ ያኔ ጉተማ ራሱ ገና ሁለት እግር ነበረው።

«አንተ አትንገራት» አለችው ኡምሀኒ። «መርዶ እንዲህ አይነገርም የኔ ልጅ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ለእድሩ ዳኛ እኔ እነግራለሁ፤ አንተ ቤትህ ግባ።» ያለችው ሁሉ ወጉ ነው፤ ማንም ሰው እንዲሁ ይል ነበር። ወታደሩም አመስግኗት ሄደ።

እሷ ግን ለጋሽ ገብረጻድቅ አልነገረችም። ያን ቀን አልነገረችም፣ በማግስቱም አልነገረችም። ፈራች። ዳሲቱ እስከ ዛሬ የቻለችው ልጇ ይመለሳል ብላ ነው። በኡምሀኒ ልጅ ፋንታ ሄዶ እንደሞተ ስትሰማ ለምን ትችላለች? እኔ ብሆን አልችልም ነበር አለች ለራሷ፤ ይህን ማሰቧ ደግሞ አሳፈራት። ውሃ ሳትቀምስ እየጾመች ውሸት ስትውጥ ትውላለች። ጧት ዳሲቱ ጥቁሯን ለብሳ ትመጣለች።

«ትናንት ወታደር አልወረደም?»

«አልወረደም።»

በሁለተኛው ቀንም፣ «አልወረደም?»

«አልወረደም እህቴ።»

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብታ ለልጇ ነገረችው። ለሰው ካልነገረች የምትፈነዳ መስሏት ነበር። ሙሀመድዘይን በሁለት እጁ አፉን ይዞ ተንቀጠቀጠ፤ ለወንድሙ እንኳ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አይችልም ነበርና። ሲበርድለት፣ «አሁኑኑ ሂጂና ንገሪያቸው» አላት። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልሄድሽ እኔ ወጥቼ እነግራታለሁ። ወላሂ እወጣለሁ።»

ጋሽ ገብረጻድቅ ሰምተው ራሳቸውን ያዙ። «መቼ ነው የሰማሽው ልጄ?»

«ዛሬ ነው አባባ» አለቻቸው። ያቺን ውሸት እስከ ዛሬ አላቃናቻትም።

«ቁስልሽ ገና ነው፤ ግን ካንቺ የሚቀርባት የለም። እርስዋን ለመደገፍ አንቺ ከኛ ጋር ነይ።»

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ የዳሲቱ ግቢ ገቡ። ዳሲቱ ላም እያለበች ነበር። ቀና ብላ ሰዎቹን አየች፣ ቀጥላ ከኋላቸው የቆመችውን ኡምሀኒን አየች። የወተቱን ዕቃ ላሟ እንዳትደፋው ቀስ ብላ ወደ ዳር አራቀችው። ጋሽ ገብረጻድቅ አፋቸውን ሳይከፍቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጥቁር ልብስ መልበስ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ለብሳው ነበር።

ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ሞላ። ዳሲቱ እስከ ቀትር ድረስ ኡምሀኒን አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ አላየቻትም። ኡምሀኒ አጠገቧ ተቀምጣ ዓይኗ ደርቆ ቀረ። ለቀጀላ ማልቀስ ትፈልጋለች፤ በአውቶቡስ መስኮት ሲስቅ ይታያታል፤ ግን ፍርሃቱ እንባዋን ይዞባታል። ከፊታቸው ያሉት ሴቶች አንድ ሁለት ጊዜ ሲያይዋት ታውቋታል። የራሷን ልጅ መርዶ ከሰማች ሦስት ወር ያልሞላት እናት እንዴት አታለቅስም?

በስድስት ሰዓት ጓድ ፀሐዩ ክላሰሩን ይዞ መጣ። ቀጀላ ለእናት አገሩ አንድነት የወደቀ ጀግና ነው የሚል ወረቀት አነበበ። ወረቀቱ የሌላ ሟች ስም ተሰርዞበት ነበር። አንብቦ ሲጨርስ አልሄደም፤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና ኡምሀኒን ያያት ጀመር። ደረቅ ዓይኗን አየው። ዓይኑን አላነሣም።

ዳሲቱ ተነሣች። ቀጥ ብላ ወደ ሊቀመንበሩ ስትሄድ ኡምሀኒ አሁን ልትናገር ነው፣ ተናገረች አለች በልቧ፤ ልትከለክላትም አልፈለገችም፤ መብቷ ነው። ወደ ጓዳዋ ሮጣ ልጁን በጀርባ በር ለማውጣት ጊዜ ይኖር እንደሆነ እያሰላች ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ዳሲቱ። «ሁለት ልጅ ነው ያጠባሁት። አንዱን በግራዬ፣ አንዱን በቀኜ። ቀጀላን እናንተ ወሰዳችሁት። ዘይኑን ወባ ወሰደብኝ። ሁለቱም የሉኝም። ያንን ወረቀትዎን አምጡት፣ ዛሬ ልፈርም።»

«ግድ የለም፣ ዛሬ እንኳ ይቆይ…» አለ ፀሐዩ።

«አምጡት!»

ሰው ሁሉ እያየ ክላሰሩን ከፈተ። ዳሲቱ መጻፍ አታውቅም፤ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ ተጫነች። ከዚያ ዞራ ሁለቱን ስም እየጠራች፣ «ቀጀላ ኮ! ዘይኑ ኮ!» እያለች ጮኸች። ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። ፀሐዩ ቆቡን አወለቀ፤ ዓይኑ ግን ከኡምሀኒ ላይ አልተነሣም።

እየጮኸች መጥታ ኡምሀኒ ላይ ወደቀች። አንገቷን አንቃ ያዘቻት፤ ቀለም የነካው ጣቷ ጀርባዋ ላይ ሲጫን ታወቃት። ጉንጯን ከጉንጯ አጣብቃ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣

«አልቅሺ እንጂ!» አለቻት። «ሰውየው እያየሽ ነው።»